በሐጃ መቁጠሪያ የተለኩ አምፖሎች

ጫጩቶቹ የተፈለፈሉት በለቅሶው መሃል ነው። ከዚህ መጀመር አለብኝ። ከሌላ ቦታ ለመጀመር ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር፣ በምንኖርበት ግቢ ምንጣፍ ተነጥፎ ሰው ተቀምጧል። ሸኹ ቁርኣን ይቀራሉ። እኔ ሻይ አዞራለሁ። ከእኛ ክፍል፣ ከወንድሜ አልጋ ሥር፣ አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ። ሸኹ ቆም አሉና ቀጠሉ። ድምፁም ቀጠለ። ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ። ጥምጥም ያደረጉ አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን ወደ በሩ አዞሩ፤ ከዚያ ወደ እኔ። ትሪውን እንደያዝኩ ሳቄ መጣ። ወንድሜን ገና መቅበራችን ነው፣ ሳቄ መጣ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ አንዱ ጎረቤት የማለቅስ መስሎት ጀርባዬን እየዳበሰ "ሰብር አድርግ፣ ወለዲ፣ ታገሥ ልጄ" አለኝ። ያኔ ይባስ ሳቅኩ። ብርጭቆዎቹ ትሪው ላይ እርስ በርስ ተንኳኩ። ለቅሶው የቱ ጋ እንደ ጀመረ አላውቅም። ሁለቱ ተያይዘው ነው የመጡት።

እንቁላሎቹ የወንድሜ ነበሩ። ታላቄ ነው። አል-ሳሃፋ ሰፈር አንዲት ጠባብ የአምፖል ሱቅ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ቤት ሲገባ ስለ አምፖል እንደ ሰው ያወራል። ትልቋ ቢጫ፣ ያቺ ውስጧ ቀጭን ሽቦ ያላት የድሮዋ፣ "በላተኛ" ናት። ለሠርግ የሚበቃ ትበላና አንዲት ክፍል ታበራለች። ጥምዝምዟ ሙሽራ ናት፤ ሲያበሯት አፍራ አፍራ ነው የምትደምቀው። ኤል ኢ ዲው ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ነው፤ ሳይበላ ይሠራል። ረጅሙ፣ ፍሎረሰንቱ፣ እኔ ነኝ። ማብሪያውን ሲጫኑት ወዲያው አይበራም። ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ ያስባል፣ እንደገና ብልጭ ይላል። እኔ ስናገር እንደዚያ ነኝ። የመጀመሪያዋ ቃል እስክትወጣ ሰው ቆሞ ይጠብቀኛል። ወንድሜ አጠገቤ ካለ እጁን ትከሻዬ ላይ ያደርግና ለሰዎቹ "ታገሱት፣ ሊበራ ነው" ይላቸዋል። ሰዎቹ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ፣ ቃሏም ትወጣለች።

በላተኛዋን የሚገዛት ስለጠፋ አንዷን ይዞ መጣ። ካርቶን ውስጥ ሰቀላት፣ ሥሯ ጭድ ጎዘጎዘ፣ እንቁላል ደረደረ። እናቴ ካርቱም ሁለት ከሚባለው ሰፈር፣ ከምትሠራበት ቤት፣ ገና መግባቷ ነበር። በሩ ላይ ቆማ አየችው።

"ዶሮ ሳይኖር?" አለችው።

"ዶሮዋ ይቺ ናት" አላት አምፖሏን እያሳየ። "ላባ ብቻ ነው የጎደላት።"

ከዚያ ትኩሳት ያዘው። ተኝቶም ቢሆን እንቁላሎቹን አልረሳም። በቀን ሁለቴ መገልበጥ አለባቸው፤ "ገለበጥካቸው?" ይለኛል። "አምፖሏን እንዳታጥፋት" ይለኛል። ለምን እንዳላጠፋት አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የመጨረሻው ወሬያችን ስለ እንቁላል ነው። ሌላ ቁም ነገር ብናወራ ጥሩ ነበር። ግን ስለ እንቁላል ነው ያወራነው።

ሰባት ጫጩቶች ወጡ። ለቅሶተኛው ሲበተን እናቴ ካርቶኑ አጠገብ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲያ መቀመጫዋ እሱ ሆነ። ሥራ ሄዳ ስትመለስ ቶቧን፣ የምትከናነበውን ረጅም ጨርቅ፣ እንኳ ሳትፈታ ወደ እነሱ ነው። እህል አምጡልኝ አትልም። ሲያመጡላት ሁለት ጊዜ ቆርሳ ሌላውን ለጫጩቶቹ ትፈረፍራለች። አንዱ እንኳ ቢሞትባት ምን እንደምትሆን ማሰብ አልፈለግሁም።

ሐጃ የመጡት በዚህ መሃል ነው። ሐጃ የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ግቢውን ከእኛ ጋር ይጋራሉ፣ ቆጣሪውንም። መብራቱ አስቀድሞ ነው የሚገዛው። የገዛነው ሲያልቅ ግቢው ሁሉ ይጨልማል። ጨለመ። የጨለመው ደግሞ ሐጃ የሚከታተሉት ድራማ ላይ ባልየው ሁለተኛ ሚስቱን ይዞ በር ሲያንኳኳ ነው። ሮጬ ገዝቼ ሲበራ ድራማው አልቆ ነበር።

"ጫጩቶቻችሁ መብራቴን ጠጡት" አሉ በራችን ላይ ቆመው።

"ጫጩት መብራት አይጠጣም፣ ሐጃ" አለች እናቴ።

"አምፖሏ ትጠጣለች። ቀን ትበራለች፣ ማታ ትበራለች። ሱልጣን ነው ካርቶኑ ውስጥ የተኛው?"

"ልጄ የሰቀላት ናት።"

"አላህ ይርሐመው። እሱን መች አልኩ? አምፖሏን ነው ያልኩት። እስከ ጁምዓ ትጥፋ። ካልሆነ ወደ እናንተ የሚሄደውን ሽቦ እነቅለዋለሁ። ወላሂ እነቅለዋለሁ።"

ሐጃ ክፉ ሰው አይደሉም። ለቅሶው ላይ ከሁሉ በላይ ያለቀሱ እሳቸው ናቸው። ግን ወላሂ ካሉ አይመለሱም። እናቴ ካርቶኑን ወደ ራሷ ሳበችው፣ በቃ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ብልጭ አልኩ፣ ጠፋሁ፤ ቃሌ ስትወጣ ሐጃ በረንዳቸው ደርሰዋል።

"እንለካው" አልኩ ከኋላቸው።

ከወንድሜ አልጋ ራስጌ፣ የሱቁ ደንበኞች የመለሷቸው አምፖሎች በሳጥን ነበሩ። ሁሉንም አወጣሁ። ሁለተኛ ደረጃ ስማር ዋት የሚባለውን ተምሬአለሁ፤ የገባኝ ግን ወንድሜ ቆጣሪው ፊት አቁሞ ያሳየኝ ቀን ነው። ቆጣሪው ላይ ቀይ ነጥብ አለች። ብልጭ ባለች ቁጥር አንድ ጉርሻ ተበላ ማለት ነው። ብዙ የሚበላ ነገር ከተሰካ ቶሎ ቶሎ ትላለች፤ ትንሽ የሚበላ ከሆነ ትረሳሃለች። ጫጩቶቹ ጨለማ አይወዱም፣ እንደዚያ ነበር ያሰብነው እናቴም እኔም። ስለዚህ ትንሽ የሚበላ፣ ደህና የሚያበራ ካገኘሁ ሐጃም ዝም ይላሉ፣ ጫጩቶቹም ብርሃን አያጡም።

በማግስቱ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሦስታችንም ቆጣሪው ፊት ተሰበሰብን። ለሐጃ ወንበር አወጣሁ። የአምፖሎቹን ማሸጊያ ወረቀት እያሳየሁ "ይኸው፣ ቢጫዋ መቶ ዋት ትላለች፣ ኤል ኢ ዲው ዘጠኝ" ብላቸው ወረቀቱን በእጃቸው ገፉት።

"የእኔም ቅባት ላይ ፀጉር ያበቅላል ተብሎ ተጽፏል" አሉ ሻሻቸውን ገለጥ አድርገው። "በዓይኔ ካላየሁ አላምንም።"

"እሺ። ለእያንዳንዱ እኩል ጊዜ እንሰጣለን። በስልኬ እይዛለሁ።"

"ስልክህ ያንተ ወገን ነው። በዚህ ነው የምንይዘው።" ሙስበሃቸውን አነሱ፤ ዘጠና ዘጠኝ ዶቃ ያላት፣ ከመካ የመጣች መቁጠሪያ። "አንድ ዙር ዚክር፣ አንድ አምፖል። በዚህ ማንም አይዋሽም።"

ብርሃናቸውንም መለካት ነበረብን፤ ትንሽ በልቶ ጨለማ የሚሰጥ ምን ያደርጋል። ለዚያ እናቴ መርፌና ክር ይዛ ተቀመጠች። አምፖሉ ሲበራ ክሩ መርፌው ውስጥ ከገባ አለፈ፣ ካልገባ ወደቀ። በላተኛዋ ለመለኪያ ከካርቶኑ ስለወጣች ጫጩቶቹን ቶቧ ውስጥ አቅፋቸዋለች። ከጡቷ ሥር ጭው ጭው ይላሉ።

መጀመሪያ ሁሉንም ነገር አጠፋን። የእኛ ጠፋ፣ የሐጃ ቴሌቪዥን ጠፋ፣ ፍሪጃቸው ተነቀለ። ግቢው ጨለመ። ቀይዋ ነጥብ አሁን ዝም ማለት ነበረባት። ዝም አላለችም። ትጋልባለች። ጉርሻ በጉርሻ ላይ፣ እስትንፋስ የላትም።

"ምንድን ነው የሚበላው?" አልኩ።

"ጅን ነዋ" አሉ ሐጃ ቶሎ ብለው። "ቆጣሪውን ጅን ይዞታል።"

እናቴ ግን አፍንጫዋን ከፍ አደረገች። "ሐጃ" አለች፣ "ፉል ፉል የሚሸት ጅን ነው።"

ወደ ክፍላቸው ገባሁ። ከበሩ ጀርባ፣ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ፣ የፉል ገድራቸው፣ ያ ሆደ ሰፊ ማሰሮ፣ ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ተጥዶ ይንተከተካል። ፉል ሲያድር ነው የሚበስለው፤ ሐጃ ደግሞ ያለ ፉል ቁርስ አያውቁም። ማታ ማታ ጥደው ኖሯል። ገድራውን ይዤ ስወጣ ሐጃ ወደ ሰማይ ያያሉ።

"ይሄ ምግብ ነው" አሉ። "ምግብ አይቆጠርም።"

"ቆጣሪው ይቆጥረዋል፣ ሐጃ።"

"ቆጣሪው ሙስሊም አይደለም? ቁርስ አይበላም?"

እናቴ ፊቷን በቶቧ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ያ ጎረቤት የዳበሰኝ ቀን ትዝ አለኝና አልዳበስኳትም፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ስለማይታወቅ።

ምድጃው ተነቀለ። ነጥቧ ዝም አለች። ያላ፣ ተጀመረ።

በላተኛዋን አበራኋት። ክሩ ወዲያው ገባ። ሐጃ ዶቃ መግፋት ጀመሩ፤ ቀስ ብለው፣ ለእያንዳንዷ ዶቃ ሙሉ ሱብሓነላህ። ዙሩ ሲያልቅ ነጥቧ ስምንት ጉርሻ ቆጠረች። ቀጥሎ ረጅሙ፣ በሐጃ በረንዳ ላይ የተሰቀለው። ብልጭ አለ፣ ጠፋ፣ አሰበ፣ በራ። እናቴ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ክሩ ገባ። ሐጃ ግን የራሳቸው አምፖል ተራ ሲሆን ምላሳቸው ፈጠነ። ዶቃዎቹ እንደ ዝናብ ወረዱ። ሁለት ጉርሻ ሳይሞላ "ኸላስ፣ አለቀ" አሉ።

"ሐጃ፣ ይሄ ዚክር ነው ወይስ የሚኒባስ ረዳት?"

"አላህ ዛሬ ምላሴን አቅልሎልኛል። ቅር አለህ?"

"ለቢጫዋ ለምን አላቀለለዎትም?"

"ቢጫዋን ሳያት ቁጭ ብዬ ማሰብ አማረኝ።"

እናቴ እጇን ዘረጋች። "አምጧት" አለች። "እኔ እቆጥራለሁ።" ሐጃ ሙስበሃዋን በቅሬታ ሰጧት። ሁሉንም እንደገና፣ በእናቴ ጣት። በላተኛዋ እንደገና ስምንት። ረጅሙ አራት፤ ሐጃ "የነቀላችሁት ፉሌ አናዶት ነው" አሉ። ጥምዝምዟ አፍራ አፍራ በርታ ሁለት እንኳ አልሞላችም። ክሩ ግን እስክትደምቅ ድረስ ሦስት ጊዜ ሳተ።

የቀረው ጾመኛው ነው። ሲበራ ሁላችንም ዓይናችንን ጨፈንን፤ ነጭ ነው፣ ኃይለኛ ነው። ክሩ በአንዴ ገባ። እናቴ ዶቃ ጀመረች። ነጥቧ ላይ አፈጠጥን። ዝም። ሙስበሃዋ ሩብ ሄደች፣ ግማሽ ሄደች። ዝም። እናቴ የመጨረሻዋን ዶቃ ገፋች፤ ነጥቧ አንዴም ብልጭ አላለችም። ሐጃ ተነስተው ቆጣሪውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ጆሯቸውን ለጠፉበት።

"ሞተ" አሉ።

ቃሏ ግቢው ውስጥ ቀረች። ሐጃም ያሉትን ሲሰሙት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እኔ የሌላውን አምፖል ካርቶን ከፍቼ ዘጋሁት።

እናቴ ነጭ ብርሃኑን እያየች፣ ሙስበሃዋ ጣቷ ላይ እንደተጠመጠመ፣ "አልሞተም፣ ሐጃ" አለች። "ጾመኛ ነው።"

የወንድሜ ቀልድ ነው። በእሱ አነጋገር፣ "ጾ"ን እሱ እንደሚጎትታት ጎትታ ነው ያለችው። ከዚያ ሳቀች። ከተቀበረ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። እኔ ተከተልኩ። ሐጃ ምን እንደሚያስቅ ሳይገባቸው ተከተሉ፣ ከእኛ ይልቅ ረጅም ሳቁ። ከእናቴ ቶብ ውስጥ አንዲት ጫጩት አንገቷን አውጥታ ሦስታችንንም በየተራ አየችን፤ ይሄን ስናይ ደግሞ አዲስ ሳቅ ተነሳ። ሐጃ ወንበራቸውን ይዘው ነው የተረፉት።

ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። በላተኛዋን ፈትቼ ጾመኛውን ካርቶኑ ውስጥ ሰቀልኩት። ካርቶኑ እንደ ወርቅ ቤት መስኮት ተንቦገቦገ። ጫጩቶቹን እናቴ አንድ በአንድ አስገባች። ሐጃ ፉላቸውን መልሰው ጣዱ፣ "ሽቦውን አልነቅልም" አሉ፣ ገቡ። እኔ እጄን ኋላዬ አድርጌ ግቢው ውስጥ ተመላለስኩ። ወንድሜ ቢኖር ብዬ አሰብኩ፤ ቢኖር ምን እንደሚል ጭምር አሰብኩ፣ ሁሉም ሙገሳ ነበር።

እራት ሳንጨርስ ጩኸቱ ተጀመረ። የለመድነው ጭው ጭው አይደለም። ሮጠን ሄድን። በዚያ ሁሉ ብርሃን ውስጥ ሰባቱም አንድ ጥግ ላይ እርስ በርስ ተደራርበዋል። የታችኛዋ አትታይም። ይንቀጠቀጣሉ። ካርቱም ብርድ የለም የሚል ሰው ሺታ በሚሉት የብርድ ወራት ሐጅ ዩሱፍ አድሮ አያውቅም። እጄን አምፖሉ ሥር አደረግኩ። ብርሃን አለ፤ ሙቀት ግን የለም። ጾመኛ ትንፋሹም ቀዝቃዛ ነው።

እናቴ ጫጩቶቹን እያየች ግንባሯን መታች።

"ዶሮ ሥር መች ብርሃን ኖሮ ያውቃል" አለች። "አንተስ ከተማ ነው ያደግከው። እኔ ምን ነካኝ?"

ያኔ ገባኝ። በላተኛዋ ከምትበላው አብዛኛውን ወደ ብርሃን አትለውጠውም፤ ሙቀት ታደርገዋለች። መምህራችን ሰሌዳ ላይ "ብክነት" ብሎ የጻፈው እሱን ነው። ወንድሜ ግን ያንን ብክነት ፈልጎ ነው ያመጣት። ዶሮዋ ይቺ ናት ሲለን እየቀለደ መስሎን ነበር። ለነገሩ እየቀለደም ነበር።

ሐጃ በጩኸቱ መጡ። "ምን አደረጋችኋቸው?" አሉ። እናቴ ጫጩቶቹን ወደ ቶቧ እያስገባች ነው። በላተኛዋን እንመልሳት ብንል ሐጃ ወላሂ ብለዋል። ካልመለስናት ቶብ ውስጥ አቅፎ ስንት ሌሊት ማደር ይቻላል፤ እናቴ ግን ታደርገዋለች፣ ሥራዋንም ትተዋለች፣ አውቃታለሁ። ያኔ ነው የመጣልኝ። አፌን ከፈትኩ። ቃሏ አልወጣችም። ብልጭ አልኩ፣ ጠፋሁ። ሐጃ ያዩኛል። እንደገና ብልጭ አልኩ።

"ይታገሱት፣ ሐጃ" አለች እናቴ። "ሊበራ ነው።"

ቃሏ ወጣች።

"ፉሉ" አልኩ።

"ፉሉ ምን ሆነ?"

"ፉሉ... ሌሊቱን ሙሉ ይሞቃል። ምድጃው አጠገብ፣ ካርቶኑን... እንደ ዶሮ።"

ሐጃ እኔን አዩ፣ ካርቶኑን አዩ። "ጫጩት በፉሌ?"

"በፉልዎ አይደለም። ከፉልዎ አጠገብ።"

"አምፖሏስ?"

"ቢጫዋ ወርዳለች፣ አትሰቀልም። አዲስ ነገር አይበላም። ፉሉ ለራሱ ከሚበላው ነው የሚሞቁት።"

ሐጃ አሰቡ። ከዚያ ብርድ ልብሳቸውን ከገድራው ላይ ገፈው ካርቶኑን ራሳቸው ተሸክመው ከበሩ ጀርባ አስቀመጡት፤ ከምድጃው አንድ ክንድ ራቅ አድርገው። እየዳሰሱ ሁለት ጊዜ አቀረቡት፣ አንዴ አራቁት። እናቴ ጫጩቶቹን ለቀቀች። መጀመሪያ ተደራርበው ቆዩ። ከዚያ የላይኛዋ ወረደች። ቀጥላ ሌላዋ። በመጨረሻ ሁሉም ወደ ገድራው በኩል እግራቸውን ዘርግተው ተኙ፤ የሞቱ እስኪመስሉ ተዘረጉ፣ ደግሞ የአንዷ ክንፍ ተነቃነቀ።

"እንግዲህ" አሉ ሐጃ ወለሉ ላይ እየተቀመጡ፣ "ከዛሬ ወዲያ ፉልሽ መብራት በላ የሚለኝ ሰው ይምጣ። ሥራ ይዞልኛል ፉሌ።"

እናቴ አጠገባቸው ተቀመጠች። ጾመኛው አምፖልም ከካርቶኑ ጋር መጥቶ በላዩ ተሰቅሎ ስለነበር የሁለቱም ፊት ወለል ብሎ ይታይ ነበር። ሐጃ ገድራውን ከፍተው ገና በቅጡ ያልበሰለውን ፉል በሳህን ጨለፉ፣ ዘይት አፈሰሱ፣ ዳቦ ሰጧት። እናቴ ቆረሰች፣ አጠቀሰች፣ ጎረሰች። እንደገና ቆረሰች። ለጫጩቶቹ የፈረፈረችው የለም።

"ጠጣር ነው" አለች እያኘከች።

"ግማሽ ሰዓት ነቅላችሁብኝ ምን ላድርግልሽ?" አሉ ሐጃ።

እኔ ወደ ክፍላችን ተመለስኩ። በላተኛዋ ወንድሜ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። ወደ ሳጥኑ ልመልሳት ስል በአንድ ጊዜ የሐጃ ሳቅና የእናቴ ሳቅ በግድግዳው አልፎ መጣ፤ ስለ እኔ እንደሚሆን ገመትኩ። አምፖሏን በወንድሜ ሸሚዝ ጠቀለልኳት። ከተፈታች ቆይታለች፣ ግን መዳፌ ላይ ትንሽ ትሞቅ ነበር፣ ወይም የእኔው እጅ ነው። አልለካሁትም።